ብረት ለሚጀምር ሰው፦ የቱ ሕመም ያልፋል፣ የቱ ያስቆማል

ጂም ተመዝግቦ በሁለተኛው ሳምንት የሚጠፋ ሰው ብዙ ነው። ስንፍና ይባላል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ቀን ነው። ሰውየው ገና ከበር ሲገባ ደረቱን፣ ክንዱን፣ እግሩን እስኪንቀጠቀጥ ይሠራል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፣ በሦስተኛው ቀን ቁጢጥ ብሎ መነሳት ፈተና ይሆንበታል፣ ከዚያ "ጉልበቴ ተጎዳ" ብሎ ይተዋል። ጉልበቱ ደህና ነው። የጭኑ ጡንቻ ያልለመደው ሥራ በዝቶበት ነው፤ በሳምንት ውስጥ ይለቀዋል። በሌላ በኩል ደግሞ እውነተኛ ጉዳት ደርሶበት "ይለቀኛል" እያለ ብረቱን ሲያነሳ የሚከርም አለ። ለሁለቱም የሚበጀው ሕመሙን ለይቶ ማወቅና ሥራውን በዚያው ልክ መጥኖ መቀጠል ነው። ሁሉንም ነገር ማቆም የሚያስፈልግበት ጊዜ ሰው ከሚገምተው በጣም ያነሰ ነው።

የመጀመሪያው ወር

በሳምንት 3 ቀን ይበቃል፤ 2 ቀንም ያስኬዳል። በሁለት የሥራ ቀናት መካከል ቢያንስ አንድ የእረፍት ቀን ይግባ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለብዙ ሰው ይመቻል። "ዛሬ ደረት፣ ነገ ጀርባ፣ ከነገ ወዲያ ክንድ" እያሉ መከፋፈል ዓመታት ለሠራ ሰው ነው። ጀማሪ በእያንዳንዱ ቀን መላ ሰውነቱን ቢሠራ አንዱን እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ጊዜ ያገኘዋል። የሚያስፈልገውም ይኸው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው አቅም በአብዛኛው የሚመጣው ነርቭ ጡንቻን በደንብ ማዘዝ ስለሚማር ነው። ስለዚህ መስታወት ፊት ምንም ለውጥ ሳይታይ የምታነሱት ኪሎ ቢጨምር አትገረሙ፤ የጡንቻው መወፈር ዘግይቶ ይመጣል።

አምስት እንቅስቃሴ ይበቃችኋል፦ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ዴድሊፍት (ከዳሌ አጎንብሶ ዕቃ ከመሬት ማንሳት)፣ አንድ የመግፋት ሥራ (ፑሽ አፕ ወይም ተጋድሞ ባሩን ወደ ላይ የሚገፉበት ቤንች ፕሬስ)፣ አንድ የመሳብ ሥራ (በደምበል፣ ማለትም በአጭር የእጅ ብረት፣ ሮው ወይም በማሽን ከላይ ወደ ታች የሚስቡበት ላት ፑልዳውን)፣ መጨረሻ ላይ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)። በመጀመሪያው ሳምንት ከእያንዳንዱ 2 ዙር፣ በዙር 8 ጊዜ ሥሩ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ 3 ዙር። በዙሮች መካከል 2 ደቂቃ አካባቢ እረፍት በቂ ነው። ፕላንክ በ20 ሰከንድ ይጀመራል፤ ወገብ ወደ መሬት መስመጥ ሲጀምር ሰዓቱ ምንም ቢል አበቃ።

የኪሎ ምርጫ ላይ ጀማሪ ሁሉ ይሳሳታል፣ በተለይ አጠገቡ ሰው ካለ። ትክክለኛው ክብደት ዙሩን ስትጨርሱ አቋማችሁ ሳይበላሽ ገና 3 መጨመር የምትችሉበት ነው። እስከ መጨረሻው ድረስ መታገል ለጀማሪ የሚጨምርለት ትርፍ ትንሽ ነው፣ የሚያመጣበት ሕመም ግን ብዙ። ድግግሞሹን ከ8 ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ፤ በአንድ ክብደት 3 ዙር፣ በዙር 12 ጊዜ በሁለት ተከታታይ የሥራ ቀናት ከሠራችሁ ኪሎ ጨምሩ፦ ለእግር 5 ኪሎ፣ ለላይኛው አካል 2.5 ኪሎ። ከጨመራችሁ በኋላ ወደ 8 ተመልሳችሁ እንደገና እስከ 12 ውጡ። ይህን በቃል መያዝ አይቻልም። አንድ ደብተር ግዙና ቀን፣ ኪሎ፣ ዙርና ድግግሞሽ ጻፉ።

ስለ ብረቱ ራሱ አንድ ነገር። ደረጃውን የጠበቀ የኦሊምፒክ ባር ባዶውን 20 ኪሎ ነው፤ የሴቶቹ 15። ብዙ የሰፈር ጂሞች ውስጥ ግን ባሩ በብየዳ የተሠራ፣ ክብደቱም ሲሚንቶ በጣሳ ወይም በቆርቆሮ ተሞልቶ የተጋገረ ነው። "10 ኪሎ" ተብለው በቀለም የተጻፈባቸው ሁለት ጣሳዎች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። አንዱ 9፣ ሌላው 11 ተኩል ከሆነ ባሩ በአንድ ጎን ይጎትታል፤ ወገብም ሳያውቀው ይጠማዘዛል። የሰው ሚዛን ላይ መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን፣ ቀጥሎ ጣሳውን አቅፋችሁ ቁሙና ልዩነቱን ተመልከቱ። ጥንድ ጥንዱን አንዴ ለይቶ ምልክት ማድረግ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ጂም ለማይሄድ ሰው ጄሪካን አለ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ 20 ሊትር የሚይዘው ቢጫ ጄሪካን ሙሉው 20 ኪሎ፣ ከነዕቃው ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ለትከሻ ሥራ ይሆናል። በአንድ ነገር እንዲያውም ከጂም ይሻላል፤ በአንድ ሊትር በአንድ ሊትር መጨመር ይቻላል። ግማሽ የሆነ ጄሪካን ግን ውኃው ወዲያ ወዲህ ስለሚል አያያዙ ይከብዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ አነስ ያለ ጄሪካን እስከ አፉ ሞልቶ መጠቀም ይቀላል።

አቋም የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ስኳትን ከወንበር ጀምሩ፦ መቀመጫችሁ ወንበሩን ነካ ሲያደርግ ሳትቀመጡ ተነሱ። እግር በትከሻ ስፋት፣ ጣቶች ትንሽ ወደ ውጭ። "ጉልበት ከእግር ጣት ማለፍ የለበትም" የሚለውን ምክር ሁሉም ይደጋግመዋል፤ ጭኑ ረጅም የሆነ ሰው ግን ጉልበቱ ሳያልፍ መውረድ አይችልም፣ ቢያልፍም ጤነኛ ጉልበት አይጎዳም። መጠበቅ ያለበት ሌላ ነው። አንደኛ፣ ጉልበቶች ሲነሱ ወደ ውስጥ ተጠግተው እንዳይጋጩ። ሁለተኛ፣ ተረከዝ ከመሬት እንዳይነሳ። ተረከዙ የሚነሳ ከሆነ ቁርጭምጭሚቱ ስለማይታጠፍ ነው፤ ከሥሩ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ ማድረግ ለጊዜው ይፈታዋል።

ዴድሊፍት ላይ ችግሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሰው በዳሌው ፈንታ በወገቡ ይታጠፋል። ሁለት እጁ የሞላ ሰው በር በመቀመጫው ገፍቶ እንደሚዘጋ ዳሌን ወደ ኋላ ግፉ። ጉልበት ትንሽ ብቻ ይታጠፍ፣ ጀርባ ቀጥ ይበል፣ ዕቃው ከቅልጥማችሁ ሳይርቅ ይውጣ። ሲነሱ ትንፋሽ ይያዛል፣ ከላይ ሲደርሱ ይለቀቃል፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ትንፋሹን ሳይይዝ እያወጣ ያንሳ። መሬት ድረስ ቀጥ ብላችሁ መድረስ ካልቻላችሁ ጄሪካኑን ሁለት ብሎኬት ላይ አስቀምጡት። በጎበጠ ጀርባ መሬት ከመንካት ከፍ ካለ ቦታ መጀመር ይሻላል።

ፑሽ አፕ የማይችል ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ ከመሥራት ይልቅ እጁን ከፍ ባለ ነገር ላይ ያድርግ፦ መጀመሪያ ግድግዳ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ የደረጃ እርከን፣ በመጨረሻ መሬት። በያንዳንዱ ከፍታ 3 ዙር በ12 ስትችሉ አንድ ደረጃ ውረዱ። ክርን ከጎን 45 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ እንደ መስቀል ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ትከሻን ፊት ለፊት ይቆነጥጣል። ሮው ላይ የሚበላሽ ነገር ብዙም የለም፤ አንድ እጅ ወንበር ላይ፣ በሌላው ዕቃውን ወደ ወገብ መሳብ ነው።

ከሁሉም በፊት 5 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ከዚያ በምታነሱት ክብደት ግማሽ አንድ ዙር በ8። የማሟሟቁ ዋናው ክፍል ይኼኛው ነው። እጅና እግርን ለረጅም ደቂቃ ወጥሮ መያዝ ከሥራው በኋላ ይቆይ።

ሰውነት ሲሰባበር

ከሥራው በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጀምር፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሚብስ፣ በ5 ወይም በ7 ቀን የሚጠፋ ሕመም የተለመደው የጡንቻ ሕመም ነው። "ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው" የሚባለው ትክክል አይደለም፤ እሱ ሥራው ካበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጸዳል፣ ሕመሙ ግን ገና አልጀመረም። ምክንያቱ ጡንቻ እየተለጠጠ ሸክም ሲይዝ የሚደርስበት ጥቃቅን መጎዳትና እሱን ተከትሎ የሚመጣው የጥገና ብግነት ነው። ለዚህም ነው ዳገት ከመውጣት ቁልቁለት መውረድ የሚያሳምመው፣ ክብደቱን ከማንሳትም ቀስ ብሎ ማውረድ። እንጦጦን በእግሩ ወጥቶ የወረደ ሰው በማግስቱ ጭኑን የሚይዘው ከመውጣቱ ይልቅ በመውረዱ ነው።

መልካሙ ዜና ሰውነት ቶሎ ይለምዳል። ያንኑ ሥራ ከሳምንት በኋላ ብትደግሙት ሕመሙ በጣም ይቀንሳል፤ መከላከያውም ለሳምንታት ይቆያል። አንድ ወር ጠፍታችሁ ከተመለሳችሁ ግን ካቆማችሁበት ኪሎ አትጀምሩ። በግማሽ ክብደት ጀምራችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትደርሱበታላችሁ። "ካላመመኝ አልሠራሁም" የሚለውንም ተዉት። ሕመም የሥራው አዲስነት ምልክት ነው እንጂ የጡንቻው እድገት መለኪያ አይደለም። ደብተሩ ላይ ኪሎው እየጨመረ ከሆነ ምንም ሳያማችሁም እየሠራ ነው።

እያመመ መሥራት ይቻላል? ይቻላል። ሕመሙ ቀላል ከሆነና ማሟሟቁን ስትሠሩ እየለቀቀ ከሄደ ያንኑ ፕሮግራም አንድ ዙር ቀንሳችሁ ሥሩ። ወንበር ላይ ለመቀመጥ እጅ የሚያስደግፍ ከሆነ ያንን የአካል ክፍል አንድ ቀን አሳልፉትና የቀረውን ሥሩ። የሚያግዘው ቀላል እንቅስቃሴ ነው፦ 20 ወይም 30 ደቂቃ መራመድ፣ ሳይክል በቀላሉ መርገጥ፣ እንቅልፍ። ለስለስ ያለ ማሸትም ያቀልላል። ጡንቻን ወጥሮ ማሳሳብ ደስ ይላል እንጂ ሕመሙን የሚቀንሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከሥራ በፊት "እንዳያመኝ" ብሎ መውሰድ መጥፎ ልማድ ነው፤ ጨጓራን ይጎዳል፣ ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን።

አንድ ነገር ብቻ በቤት አይታለፍም። ከከባድ ሥራ በኋላ ጡንቻው አብጦ ከደነደነ፣ እጅ ወይም እግር መታጠፍ ካቃተው፣ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ወይም እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ጡንቻ በብዛት ፈርሶ ይዘቱ ወደ ደም ገብቷል ማለት ነው፤ ኩላሊትን ሊያቆም ይችላል። የሚያጋጥመው በአብዛኛው ለወራት ያልሠራ ሰው በአንድ ቀን መቶ ስኳት ሲወራረድ ወይም እንደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ባለ ሙቀት ውስጥ ሲሠራ ነው።

ጉዳት በምን ይታወቃል

የጡንቻ ሕመም ሰፊ ነው፣ በሁለቱም ጎን ይመጣል፣ የጡንቻውን ሥጋ ስትጫኑት ይሰማል። ጉዳት ግን በአንድ ጣት የሚጠቆም ቦታ አለው፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ነው፣ መገጣጠሚያ ወይም ጅማት ላይ ያርፋል፣ አንዳንዴም የጀመረበትን ቅጽበት ታስታውሱታላችሁ። "ቋ" የሚል ድምፅና ወዲያው ማበጥ፣ ጉልበት መክዳት ወይም መቆለፍ፣ እጅ ወይም እግር መደንዘዝ፣ በእረፍት ጊዜ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ እነዚህ ምርመራ ይፈልጋሉ። ምንም ሳትሠሩ አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመ፣ በተለይ ከረጅም በረራ ወይም ከጀሶ በኋላ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ማሸት የለም፤ ቀጥታ ሐኪም ጋ ነው።

ከእነዚህ ለሚቀለው የዕለት ተዕለት ጉዳት የሚሠራ መለኪያ አለ። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት። እስከ 3 ድረስ ሆኖ በማግስቱ ጠዋት ከቀድሞው ካልባሰ ሥራው ልኩ ነው። 4 ወይም 5 ከሆነ ክብደቱን ወይም የምትወርዱበትን ጥልቀት ቀንሱ። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ማግስቱን ካነከሳችሁ ያንን እንቅስቃሴ በሌላ ቀይሩት። የማግስቱ ጠዋት ምስክርነት ከሥራው ሰዓት ይበልጣል፤ ጅማት ሲሞቅ ሕመሙን ደብቆ ሲቀዘቅዝ የማውጣት ጠባይ አለው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፣ በረዶና ወጌሻ

አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን እ.ኤ.አ. በ1978 እረፍት፣ በረዶ፣ መጠቅለልና ከፍ አድርጎ መስቀል የሚለውን መመሪያ አስፋፍቶ ዓለም ሁሉ ተቀበለው። በ2014 ግን ራሱ ተመልሶ በረዶና ሙሉ እረፍት ፈውሱን ሊያዘገዩ ይችላሉ ሲል ጻፈ። ዛሬ በረዶ ሕመም ማስታገሻ ነው፦ በጨርቅ ጠቅልሎ 10 ወይም 15 ደቂቃ፣ ቢያስፈልግ በቀን ጥቂት ጊዜ። ዋናው ሥራ በላስቲክ ፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግና ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሕመሙ እስከፈቀደ ድረስ ማንቀሳቀስ ነው። ፋሻው ከጣቶች በኩል ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ጠብቋል፣ ይፈታ።

ወጌሻ ጋ መሮጥን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ለቆየ የጡንቻ መጨምደድ ጥሩ እጅ ያለው ወጌሻ ያቀልላል። ገና ያበጠ ወለምታን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በኃይል ማሸት ግን የውስጥ መድማቱን ይጨምራል። ተመትቶ የጠቆረ ጭን ሲታሽ ደግሞ አልፎ አልፎ ጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅል ያደርጋል፤ ያ ሲሆን ጉልበት ማጠፍ ለወራት ያስቸግራል። ስብራትን በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውር ዘግቶ እጅና እግር እስከ ማስቆረጥ ደርሷል።

ታዲያ ወለምታ ይሁን ስብራት በምን ይለያል? ቁርጭምጭሚት ላይ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን መለኪያ ማንም ሊያውቀው ይገባል፤ በካናዳዋ ኦታዋ የተዘጋጀ ነው። ከተጎዳችሁ ወዲያውም በኋላም፣ እያነከሳችሁም ቢሆን፣ 4 እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ ራጅ ያስፈልጋል። ብትራመዱም አጥንቱን በጣት ስትጫኑ ከሚከተሉት በአንዱ ካመመ እንዲሁ፦ በግራና በቀኝ ጎልቶ የሚታየው የቁርጭምጭሚት አጥንት የኋላ ጠርዝና ጫፍ፣ በእግር ውጭኛ ጎን ከትንሿ ጣት ወደ ተረከዝ ሲኬድ መሐል ላይ ጎበጥ ያለው አጥንት፣ በውስጥ በኩል ከእግር ቅስት በላይ ያለው አጥንት። ሕመሙ ከአጥንቱ ፊትና ሥር ባለው ለስላሳ ቦታ ብቻ ከሆነ ጅማት ነው።

ትንፋሽ እንዳይጠፋ

የልብና የሳንባ አቅም ከሁለት ሳምንት ሙሉ እረፍት በኋላ መቀነሱ ይታወቃል፤ የጡንቻ አቅም ትንሽ ይቆያል። ስለዚህ በጉዳት ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰበው የትኛውን የካርዲዮ ሥራ ያለ ሕመም መሥራት እንደሚቻል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ 30 ደቂቃ በሳምንት 5 ቀን ዝቅተኛውን ይሞላል። መካከለኛ ማለት እየተነፈሳችሁ ማውራት የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የማትችሉበት ፍጥነት ነው። 220 ሲቀነስ ዕድሜ የሚለው የከፍተኛው የልብ ምት ቀመር ከሰው ሰው በአሥርና ከዚያ በላይ ምት ስለሚሳሳት የወሬው ፈተና ይሻላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእረፍት የመጣ ሰው በለመደው ፍጥነት ቢሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ፍጥነቱን ይቀንስ።

ቁርጭምጭሚት ለተወለመ፣ እብጠቱ ሲቀንስ ቋሚ ሳይክል ነው። ፔዳሉን በእግር ጣት በኩል ሳይሆን በመሐለኛው እግር እርገጡ፤ ቁርጭምጭሚቱ ብዙ አይታጠፍም። ጎን ለጎን ደግሞ በአንድ እግር መቆም፦ 30 ሰከንድ፣ 3 ጊዜ፣ ጥርስ ስትቦርሹም ይሆናል፤ ሲቀል ዓይን ጨፍኖ። ይህን የሚዘል ሰው ያንኑ እግር ደግሞ ይወለመዋል፤ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ቶሎ።

ከጉልበቱ ሎሚ በታች ወይም ዙሪያውን የሚያመው ሰው ከቁልቁለትና ከደረጃ መውረድ ለጥቂት ሳምንት ይራቅ። ትሬድሚል ላይ ዳገት አድርጎ መራመድ፣ ወይም ሳይክል ኮርቻውን ከፍ አድርጎ በቀላል ጭነት መርገጥ ይችላል። ኮርቻው ልክ የሚሆነው ፔዳሉ ከታች ሲደርስ ጉልበት ትንሽ ብቻ ታጥፎ ሲቀር ነው፤ ዝቅ ያለ ኮርቻ ራሱ ጉልበት ያሳምማል። ስኳቱን አትተዉት፤ ሕመሙ ከሚጀምርበት ጥልቀት በላይ ቆማችሁ ሥሩ። ከሎሚው በታች ያለው ጅማት ከሆነ ግድግዳ ተደግፎ እንደ መቀመጥ ብሎ 45 ሰከንድ መቆየት፣ 5 ጊዜ፣ ሕመሙን ብዙ ጊዜ ያበርደዋል።

ወገብ ሲይዝ አልጋ ላይ መዋል ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አያስፈልግም። ከሁሉ የሚሻለው መራመድ ነው፦ በቀን 3 ጊዜ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ እየጨመሩ። የመቅዘፊያ ማሽንና አጎንብሰው የሚነዱት ሳይክል ይቆዩ። ሽንት ካስቸገረ፣ ሁለቱ ጭኖች መገናኛ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግር ከደከመ ግን ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ሌሊትም ቢሆን።

ቅልጥም ላይ ሩጫ የሚያመጣው ሕመም ሁለት ዓይነት ነው። በውስጥ ጠርዙ ረዘም ብሎ የተዘረጋ ከሆነ ሩጫውን በግማሽ ቀንሱ፣ ከአስፋልት ወደ አፈር ሜዳ ውሰዱት፣ የባት ሥራ ጨምሩ። አንድ ነጥብ ላይ ከሆነና ስትራመዱም የሚሰማ ከሆነ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ሩጫ ጨርሶ ይቁምና ይታይ። በኅዳር ለታላቁ ሩጫ "አንድ ወር ቀረኝ" ብሎ ከዜሮ በየቀኑ መሮጥ የሚጀምር ሰው ይህን ሕመም ይዞ ቢመጣ አይገርምም።

ትከሻ ለተጎዳ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ መራመድ፣ ደረጃና ቋሚ ሳይክል ክፍት ናቸው፣ ዋና ይቅር። በነገራችን ላይ አንድ እጅ ወይም እግር ሲጎዳ ጤነኛውን ማሠራት የተጎዳው አቅም እንዳይወርድ ይረዳል፤ ነርቩ ሁለቱንም ጎን ይነካል።

ምግብና ጾም

ለሚሠለጥንና ለሚያገግም ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይበቃል፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ72 እስከ 96 ግራም። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም አካባቢ ይሰጣል። 55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ጾምም ይቻላል፦ 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ፣ 60 ግራም የሽሮ ዱቄት 12፣ 50 ግራም ለውዝ 12 ያህል፤ ከቀረውም ብዙውን እንጀራና ዳቦ ይሞሉታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ብረቱን ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ያንሳ። ረመዳን የሚጾም ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ፤ ከኢፍጣር በፊት የሚሆነው ቀላል እርምጃ ነው።

ወደ ሩጫ መመለስ

ከእግር ጉዳት በኋላ ሩጫ የሚጀመረው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ያለ ሕመምና ያለ ማነከስ፣ በተጎዳው እግር ብቻ ተረከዝ ማንሳት 20 ጊዜ፣ በዚያው እግር ባሉበት መዝለል 10 ጊዜ። አንዱ ካልተሳካ አንድ ሳምንት በሳይክል ቆዩ። ከተሳካ በመጀመሪያው ቀን 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 8 ጊዜ፤ ቀን እየዘለሉ። ሁለት ጊዜ ያለ ችግር ከሄደ 2 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፤ ቀጥሎ 3 በ1፤ ከዚያ ሳይቆሙ 20 ደቂቃ። መጀመሪያ ደቂቃውን ጨምሩ፣ ፍጥነቱን በኋላ፣ ዳገትና ቁልቁለቱን መጨረሻ። ማግስቱን ሕመሙ ከ3 ካለፈ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመልሳችሁ ሁለት ጊዜ ደግሙት። ጉዳት የነበረበት ጎን ጫማው ሥሩ በአንድ ወገን ተበልቶ ከሆነ ከመጀመሩ በፊት ይቀየር።